የካምቢዮ ማርሽ በብላስት ሲጸዳ፦ እኔ የምሠራበት መንገድ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የአይሱዙ ሦስተኛ ማርሽ ተቀምጧል። ከካምቢዮው የወጣው ትናንት ማታ ነው። ግማሽ ጎኑ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። በሌላው በኩል አራት ጥርሶች መሃል ቡናማ ዝገት ይዟል። መኪናው ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ነበር። ካምቢዮው ውስጥ ውሃ ገብቶ ከታች ተኝቷል። ሹፌሩ ማርሹን አገላብጦ አየና፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ይድናል ወይስ ልጣለው?" አለኝ።

ይድናል። ጥርሱ አልተበላም። ዝገቱም ገና ላይ ላዩን ነው።

ቃሊቲ አካባቢ ካምቢዮ ስፈታና ስገጥም 19 ዓመቴ ነው። የራሴን የብላስት ሳጥን፣ ማለትም ደቃቅ ቅንጣት በታመቀ አየር እየረጨ ብረት የሚያጸዳውን ዝግ ሳጥን፣ ከያዝኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። አሁን አሁን ብዙ ልጆች ሳጥኑን በላሜራ እያሠሩ ሥራ ሲጀምሩ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን የሚያወጡትን ማርሽ ሳይ አንዳንዴ እደነግጣለሁ። ስለዚህ እኔ እንዴት እንደምሠራ ከመነሻው ልጻፍላችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ማርሹ ማብራቱ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የረጨነውን ነገር አንድም ሳይቀር ከውስጡ ማውጣት ነው። ካምቢዮ ሲሞት ያየሁት በዚህ በሁለተኛው ግማሽ ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሸዋ አትርጩ

ሁላችንም "ሳንድብላስት" እንለዋለን። ስሙ የቀረው ከጥንቱ አሠራር ነው። ቤንጃሚን ቲልግማን የሚባል የፊላደልፊያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ የሚረጨው እውነተኛ አሸዋ ነበር። ዛሬ አሸዋ መረጨት የለበትም። አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ኳርትዝ አለበት። ኳርትዝ ብረት ሲመታ ይደቅና ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆናል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ሳንባው እየቆሰለ ጠባሳ ይሆናል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። እንግሊዝ በአሸዋ ብረት ማጽዳትን እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው ደንብ ከልክላለች። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1974 እንዲከለከል አሳስቧል።

እኔ ግን ዛሬም አፉን በሻሽ ጠቅልሎ አሸዋ የሚረጭ ልጅ አያለሁ። ሻሽ ያንን ብናኝ አያቆምም። በእውነት ያመኛል። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት እንኳ ይሄን አትዝለሉት።

እኔ የምረጨው ግላስ ቢድ ነው፤ የመስታወት እንክብል። በ25 ኪሎ ከረጢት ይመጣል። መዳፍ ላይ ስታፈሱት እንደ ውሃ ይሸሻል፣ እያንዳንዷ ቅንጣት ድቡልቡል ስለሆነች። ድቡልቡል ነገር ብረቱን አይቆርጥም፤ መትቶት ይነጥራል። የተጋገረውን ዘይትና ቀላሉን ዝገት ያራግፋል፤ ከሥሩ ካለው ጠንካራ ብረት ግን የሚያጎድለው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ለማርሽ የምወስደው ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ያለውን ነው። ከገበታ ጨው ቅንጣት ያንሳል። ተለቅ ያለው እንክብል ጠንክሮ ይመታል፣ ጠባቡ የጥርስ ሥር ውስጥ ግን አይገባም።

ቡናማው አልሙኒየም ኦክሳይድ ሌላ ነገር ነው። ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ 9 ነው፤ አልማዝ 10 ነው። ጠርዙም ስለታም ነው። ለሻንሲ፣ ለቸርኬ፣ ቀለም ለሚቀባ ብረት ሁሉ ግሩም ነው፣ ቀለሙ እንዲይዝ ብረቱን ያሻክርለታል። የማርሽ ጥርስ ግን እንዲሻከር አንፈልግም። ጋርኔት የሚባለውን ስለታም የማዕድን ቅንጣትም ለጥርስ አልጠቀምበትም። በአንድ ሳጥን ውስጥ ዛሬ አልሙኒየም ኦክሳይድ፣ ነገ ቢድ እያሉ ማፈራረቅም ጥሩ አይደለም። ከማዕዘኑ፣ ከቱቦው፣ ከወንፊቱ ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ከባድ ነው። ሳጥኔ ለካምቢዮ ዕቃ ብቻ ነው። ቸርኬ ይዞ የመጣ ደንበኛ ቢኖር ወደ ጎረቤት እልከዋለሁ።

ቢዱ ደጋግሞ ይሠራል፤ ለዘላለም ግን አይደለም። እየተመታ ይሰበራል፤ የተሰበረ መስታወት ደግሞ ቢላ ነው። በየጥቂት ቀኑ ከሳጥኑ ሥር ቆንጠር አድርጌ ጥቁር ወረቀት ላይ እበትነውና በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ። ክቦቹ እንደ ጤዛ ያበራሉ። ስብርባሪዎቹ ሹል ናቸው፤ ብርሃኑን ወደ አንድ ጎን ነው የሚመልሱት። ከአራቱ አንዱ ያህል ከተሰበረ አወጣውና በአዲስ እተካለሁ። ገንዘብ ነው፣ አውቃለሁ። ማርሽ ግን ከቢድ ይበልጣል።

አንዱን ጥርስ በቅርብ

አሁን ያንን ሦስተኛ ማርሽ ወደ መስኮቱ እናምጣውና አንድ ጥርስ እንይ።

ጫፉ አለ። ከሌላው ማርሽ ጋር የሚነካካው ፊቱ አለ። በሁለት ጥርሶች መሃል ጎድጎድ ብሎ የሚታየው ደግሞ ሥሩ ነው። ፊቱና ሥሩ አንድ ብረት ቢሆኑም ሥራቸው የተለያየ ነው። ፊቱ ላይ ማርሾቹ እየተንከባለሉና እየተንሸራተቱ ይጫናሉ፤ በመሃላቸው ያለው የዘይት ሽፋን እጅግ ስስ ነው። ስለዚህ ፊቱ ልስልስ መሆን አለበት። ሥሩ ግን ሌላውን ማርሽ አይነካም። እሱን የሚያደክመው መታጠፍ ነው። ጥርሱ በተገፋ ቁጥር ሥሩ ይለጠጣል። ጥርስ ሲሰበርም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የዚህ ዓይነት የጭነት መኪና ማርሽ ቆዳው ጠንካራ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ካርቦን ጠጥቶ፣ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ቀዝቅዟል። የላይኛው ቆዳ በሮክዌል ሲ መለኪያ 58 እስከ 62 ይደርሳል። የቆዳው ውፍረት ግን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ለስለስ ያለና ድንገተኛ ምት የሚችል ብረት ነው። በግራይንደር፣ በሽቦ ብሩሽ ድሪል፣ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን የሚያጸዱ አሉ። ከዚያች ስስ ቆዳ ላይ ነው የሚቀንሱት። የጥርሱንም ቅርጽ ያበላሹታል።

ጥፍራችሁን ፊቱ ላይ ከጫፍ ወደ ሥር ጎትቱት። ጤነኛ ፊት ላይ ጥፍር ይንሸራተታል። መሃል አካባቢ ጥፍራችሁ ቆም ቆም ካለ፣ እዚያ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ብረቱ ደክሞ መርገፍ ጀምሯል። ይሄን ብላስት አያድነውም። ብላስት ሲነካው አንድ ወጥ ግራጫ ይሆንና ጉድጓዱ ለዓይን ይሰወራል። ስለዚህ ጉድጓዱን ሳታጸዱ በፊት ለባለቤቱ አሳዩት። ጣቱን ይዛችሁ አስነኩት። ዋጋውን እሱ ይወስን። ያንን ሸፍኖ አሳምሮ መስጠት የሰው ሕይወት ላይ መጫወት ነው። መኪናው ቁልቁለት ላይ ሰው ጭኖ ይወርዳል።

እጥበትና ፍተሻ

ዘይት የነካው ማርሽ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ዘይት ቢዱን ያጨቀየዋል፤ የጨቀየ ቢድ ቱቦ ይዘጋል፣ ቆሻሻውንም ከማርሽ ወደ ማርሽ ያዞራል። በመጀመሪያ በናፍጣ እነክረዋለሁ፤ የተጋገረ ከሆነ ያድራል። በፕላስቲክ ብሩሽ እፈትገዋለሁ። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በኦሞ አጥበዋለሁ፤ ናፍጣው ራሱ ስስ የዘይት ሽፋን ስለሚተው ነው። በአየር እነፋዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ነጭ ጨርቅ ሳሽበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ ይበቃል።

ስንጥቅ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፣ ከብላስት በፊት። ይሄን ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። "ይጽዳና በደንብ ይታያል" ይላሉ። እንክብሉ ግን እየቀጠቀጠ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል፤ ስንጥቅ የሚያሳየው ቀይ ቀለም መግቢያ ያጣል። እኔ መጀመሪያ ማርሹን በሽቦ አንጠልጥዬ በመዶሻ እጀታ መታ አደርገዋለሁ። ጤነኛው እንደ ቃጭል ረዘም አድርጎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ይሄ ግን ጥርጣሬ ለመያዝ እንጂ ለማረጋገጫ አይበቃም። ማረጋገጫው በቆርቆሮ የሚሸጠው ባለቀይ ቀለም መፈተሻ ነው። ቀዩን ነፍቼ 15 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ላይ ላዩን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ማርሹ ላይ አልነፋም፣ አለበለዚያ ስንጥቁ ውስጥ ያለውንም ያጥበዋል። ከዚያ ነጩን እነፋለሁ። ስንጥቅ ካለ ቀይ ክር ሆኖ ነጩ ላይ ይወጣል። ጥርስ ሥር ላይ ቀይ ክር ያየሁበትን ማርሽ አላጸዳም። መልሼም አልገጥመውም።

መሸፈን

እንክብል መግባት የሌለበትን ቦታ መሸፈን ጊዜ ይበላል። ከመርጨቱ ይልቅ ይሄ ይረዝምብኛል። የመሃል ቀዳዳው፣ ስፕላይኑ (ሌላ ዕቃ የሚሰካበት ቦይ ቦይ ያለው ቦታ)፣ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክለው ቀለበት) የሚይዝበት ኮን፣ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ ይሸፈናል። ኮኑን በተለይ ተጠንቀቁ። እሱ በስሱ ሰበቃ ነው የሚሠራው፤ ፊቱ ከተቀየረ ማርሹ ሲገባ መፋጨት ይጀምራል።

ለስላሳና የሚለጠጥ ነገር ከብላስት ይተርፋል። ጠንካራው ነው የሚጎዳው። እንክብሏ ጎማ ስትመታ ጎማው ይለመጥላትና መልሶ ይወረውራታል። ስለዚህ ምርጡ መሸፈኛ አሮጌ ከመነዳሪ ነው። የጭነት መኪናውን ከመነዳሪ እንደ ቀለበት ቆርጬ ኮኑ ላይ ጥብቅ አድርጌ አለብሰዋለሁ። ለመሃል ቀዳዳው ቶርኖ ላይ የተላጠ እንጨት አለኝ፤ በከመነዳሪ ጠቅልዬ እወትፈዋለሁ። ለዘይት ቀዳዳዎች ትንንሽ የጎማ ውታፎች አሉኝ። ሁሉም ላይ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ። ስንት እንዳስገባሁ ግድግዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ስንት እንዳወጣሁም እቆጥራለሁ።

የጥርሱስ ፊት? የፋብሪካው የመሞረድ መስመር ገና የሚታይበት ንጹህ ፊት ከሆነ አልረጨውም። የኤሌክትሪክ ፕላስተር በሁለት ድርብ እለጥፍበታለሁ። የመስታወት እንክብል በዝቅተኛ ግፊት ያንን ፕላስተር ቶሎ አይበሳውም። 30 ጥርስ ላይ ሁለት ሁለት ፊት መለጠፍ አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። ረዳቴ ከቴክኒክና ሙያ የወጣች ልጅ ናት። መጀመሪያ ቀን፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምን? ቢዱ አይቆርጥም አላልከኝም?" ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፤ አይቆርጥም። ግን ልስልሱን ፊት ያደበዝዘዋል፤ በጥቃቅን ጎድጓዳ ነጥቦች ይሞላዋል። ደህና የነበረን ነገር ለምን እንነካለን? ፊቱ ራሱ ከዛገ ግን ምርጫ የለም፤ ቀለል አድርጌ እረጨዋለሁ፣ በኋላ በእጅ አለሰልሰዋለሁ።

አየሩ

እኛ አገር ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ የተሰላ ነው። ፒስተኑ በአንድ ምት የሚስበው ሊትር አልተቀየረም፤ ሊትሩ ውስጥ ያለው አየር ነው የሳሳው። ስለዚህ ኮምፕሬሰር ስትገዙ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ተለቅ ያለ ውሰዱ። "ጅቡቲ ላይ ይበቃ ነበር፣ እዚህ ግን አልበቃም" የሚል ሰው ገጥሞኛል፤ ኮምፕሬሰሩ አልተበላሸም ነበር።

የሚያስፈልገው አየር በኖዝሉ፣ ማለትም በመርጫው አፍ፣ ቀዳዳ ይወሰናል። 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ5.5 ባር በደቂቃ 500 ሊትር ገደማ ይበላል። ቀዳዳው በእጥፍ ሲሰፋ ፍጆታው አራት እጥፍ ነው። ኖዝል ደግሞ ይበላል። ከ5 ሚሊ ሜትር ወደ 6 ከሰፋ ከ40 በመቶ በላይ ተጨማሪ አየር ይጠይቃል። ኮምፕሬሰሩ ማረፍ ሲያቅተው ሰው ሞተሩን ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ የድሪል ብረት ኖዝሉ ውስጥ ሰክቼ ስፋቱን እለካለሁ።

ከአየሩ መጠን በላይ ግን የሚያታግለው ውሃ ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት የኮምፕሬሰሩን ታንክ ሥር ስከፍተው ዝገት የተቀላቀለ ውሃ ይፈሳል። ያ ውሃ ወደ ሳጥኑ ከሄደ ቢዱ እንደ እርጥብ ስኳር ይጓጉላል። ኖዝሉ አንዴ ይተፋል፣ አንዴ ይቆማል፣ ከዚያ ጭራሽ ይዘጋል። በዚያ ላይ አሁን ያጸዳችሁትን ብረት በእርጥበት እየረጫችሁት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ታንኩን በቀን ሁለቴ አፍስሱ። የውሃ ማጣሪያውን ከኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ አትግጠሙት፤ እዚያ አየሩ ገና ትኩስ ነው፣ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ያልፋል። እኔ ስምንት ሜትር የብረት ቧንቧ ግድግዳው ላይ አዙሬ፣ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሳጥኑ አጠገብ ነው የገጠምኩት። ማድረቂያ ማሽን መግዛት የምትችሉ ግዙ።

አረጫጨቱ

ሳጥኑ ውስጥ ብታፍኑትም መከላከያ አድርጉ። ሳጥኑ ብናኝ መሳቢያ ይኑረው። ባለፊልትሮ የፊት ጭንብል፣ መነጽር፣ የጆሮ መድፈኛ። ከረጩ በኋላ በሩን ለመክፈት አትቸኩሉ፤ ብናኙ እስኪሳብ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። እጃችሁን ኖዝል ፊት በፍጹም አታድርጉ፣ ጓንትም ቢኖር። መክፈቻው በእግር የሚረገጥ፣ እግር ሲነሳ የሚዘጋ ይሁን። ሳጥኑን በኤሌክትሪክ ሽቦ ከመሬት ጋር አገናኙት (ኧርዝ)፤ ደረቅ ቢድ ሲፈስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ ይነዝራል።

ግፊቱን ከ2 እስከ 3 ባር አደርጋለሁ። ባለ ፒ ኤስ አይ መለኪያ ላይ ከ30 እስከ 45 ማለት ነው። ብዙዎች 6 ባር ላይ ይጀምራሉ። ፈጥኖ ያጸዳል፤ ግን ቢዱ እዚያው ይደቃል፣ የደቀቀውም መስታወት ይቧጥጣል። ግፊቱን የምታነቡት ኖዝሉ ክፍት ሆኖ አየር እየፈሰሰ ሳለ ይሁን። ዝግ ሆኖ 3 ያለ መለኪያ ሲከፈት 2 ሊል ይችላል።

ሁልጊዜ በተጣለ ማርሽ እጀምራለሁ። ለዚህ ብዬ የተሰበረ ማርሽ ሳጥኑ ውስጥ አለኝ። እዚያ ላይ ረጭቼ ቀለሙን ካየሁ በኋላ ነው የደንበኛውን የማነሳው።

ኖዝሉን ከ15 ሳንቲ ሜትር አላቀርበውም። አቅጣጫው ሰያፍ ነው፣ 45 ወይም 60 ዲግሪ። ቀጥ አድርጋችሁ ብትመቱ የሚሄደውና የሚመለሰው እንክብል እርስ በርሱ ይጋጫል፤ መሥራቱን ትቶ ይሰባበራል። እጃችሁ አይቁም። እንደ ቀለም ቀቢ ከጎን ወደ ጎን ሂዱ። መጀመሪያ የማርሹን ሰፊ ጎን፣ ቀጥሎ ጥርስ በጥርስ። ሥሩን በጥርሱ ቦይ አቅጣጫ ነው የምረጨው፤ ከአንዱ ጫፍ ገብቼ፣ ማርሹን ገልብጬ ከሌላው ጫፍ። ጠማማ ጥርስ ከሆነ ኖዝሉ ጥርሱን ተከትሎ ይጠማዘዛል። የመጀመሪያውን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ፤ አለበለዚያ የት እንደጀመርኩ ይጠፋኛል።

ረዳቴን ያስተማርኳት በጆሮ ነው። ዝገት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ፈዘዝ ያለ ነው፤ አቧራ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ። ብረቱ ሲገለጥ ሹል ይሆናል፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ። ድምፁ ሲቀየር ለቃችሁ ሂዱ። ከዚያ በላይ መቆየት ምንም አይጨምርም። መስታወቱ ብናኝ ለብሶ በደንብ ባይታይ እንኳ ጆሮ ይነግራችኋል። አሁን እሷ ከእኔ ቀድማ ታቆማለች።

አንድ ነገር መለየት አለበት። "በቢድ ስለመታሁት ጥርሱ ጠንክሯል" የሚል ሰው አለ። ፋብሪካ ላይ ሾት ፒኒንግ የሚባል ሥራ አለ። የብረት እንክብል እየመቱ የጥርሱን ሥር ቆዳ እርስ በርሱ እንዲጨናነቅ ያደርጉታል፤ የተጨናነቀ ብረት ቶሎ አይሰነጠቅም። እውነት ነው፤ ጥርሱ መታጠፍን ይበልጥ ይችላል። ግን እዚያ በግምት አይሠራም። የምቱ ኃይል የሚለካው አልመን ስትሪፕ በሚባል ስስ የስፕሪንግ ብረት ነው፤ 76 በ19 ሚሊ ሜትር። በአንድ ፊቱ ሲመታ ይጎብጣል፤ የጎበጠውን ያህል ይለካል። ስሙ የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ ከነበረው ጆን አልመን የመጣ ነው። እኔ ያንን መለኪያ የለኝም። ስለዚህ ለደንበኛ "አጸዳሁልህ" እንጂ "አጠነከርኩልህ" አልልም።

እንክብሉን ማስወጣት

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ መጣን።

ሳጥኑን በገዛሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንድ ካምቢዮ አጽድቼ ገጠምኩ። ማርሾቹ ከአዲስ አይለዩም ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መኪናው ተመለሰ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያለቅሳል። ስፈታው ማርሹ የሚዞርበት መርፌ መሳዩ ኩሽኔታ ተቧጥጦ አልቋል፤ ሻፍቱ ላይ ቦይ አውጥቷል። የዘይት ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ስጎረጉራት ግራጫ ጭቃ ወጣ። ጣቴ መሃል አሸሁት። ኮረኮረኝ። ቢድ ነበር። ሳላወጣው የቀረሁት እኔ ነኝ። ሻፍቱንም ኩሽኔታውንም ከኪሴ ገዛሁ። ሰውየው ግን የሦስት ሳምንት ሥራው ቀርቶበታል፤ እሱን መመለስ አልቻልኩም።

መስታወት ማግኔት አይዘውም። የካምቢዮው መፍሰሻ ብሎን ላይ ያለው ማግኔት የብረት ቅንጣት ይሰበስባል፤ ቢድን ግን አያውቀውም። ዘይቱ ውስጥ እየዞረ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው።

ሳጥኑ ውስጥ እያለ፣ መሸፈኛው ሳይነሳ፣ በንጹህ አየር እነፋዋለሁ። ከዚያ አውጥቼ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ፣ መሸፈኛውን አነሳለሁ። ብላስት ያደረግኩበት ጠረጴዛ ላይ ካምቢዮ አልገጥምም። ውታፎቹን ከግድግዳው ቁጥር ጋር አመሳክራለሁ። ማርሹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሬ እያንዳንዷን ቀዳዳ በጠርሙስ ብሩሽ ወይም በቧንቧ ማጽጃ ሽቦ እፈትጋለሁ። በእያንዳንዷ ቀዳዳ በሁለቱም በኩል አየር እሰድዳለሁ። ከዚያ ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ እንደገና አየር። ነጭ ጋዙን በሌላ ንጹህ ጋዝ ቀይሬ አንዴ እደግመዋለሁ። ሁለተኛውን ጋዝ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሼ ፀሐይ ላይ አዘነብለዋለሁ። አንዲት የምታበራ ነጥብ ከታየች ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሦስት አራት ጊዜ የደገምኩበት ቀን አለ።

ከዚህ በኋላ ነው ፊቱ የሚለሰልሰው፣ ዝገት ነክቶት የተረጨ ከሆነ። ቀይ ወይም ግራጫ ናይለን መፈተጊያ ከስስ ዘይት ጋር ይዤ፣ በእጅ፣ በጥርሱ ርዝመት አቅጣጫ አሻለሁ። ቫልቭ የሚሞረድበትን ፓስታ እንዳታስቡት። ያ ፓስታ የጥርሱን ቅርጽ ይለውጣል፣ ፍርፋሪውም ይቀራል። ካሸሁ በኋላ እጥበቱ እንደገና ነው።

ዘይት፣ ወዲያውኑ

ብላስት የተደረገ ብረት ራቁቱን ነው። ክረምት ላይ ጠዋት ያጸዳችሁት ከሰዓት ቡና ይመስላል። በባዶ እጅ የያዛችሁበት ቦታ ላይ የጣታችሁ አሻራ ዝገት ሆኖ ይወጣል። እኔ ንጹህ ጓንት አድርጌ፣ ከመጨረሻው እጥበት ቀጥታ፣ ብረቱ ገና ሞቅ እንዳለ፣ አዲስ የካምቢዮ ዘይት ውስጥ እነክረዋለሁ። ዛሬ የማይገጠም ከሆነ በዘይት ወረቀት ጠቅልዬ ፕላስቲክ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ላዩ ላይ ቀኑንና የማርሹን ቁጥር እጽፋለሁ።

ያ የአይሱዙ ሦስተኛ ማርሽ ዛሬ ከሰዓት ተገጥሟል። አራቱ ጥርሶች ሥራቸው እኩል ግራጫ ሆኗል፤ ፊታቸው ላይ ደብዘዝ ያለ ጥላ ብቻ ቀርቷል፣ ጥፍር አይዘውም። ሹፌሩን 500 ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ዘይቱን እንዲቀይር፣ ሲቀይርም እኔ ጋ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። የሚወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ አጠልለዋለሁ። ጨርቁን ሁለታችንም በጣታችን እናሸዋለን።